አዲስ የሚመስሉ ነባር ትኩሳቶች፦ በመዥገርና በቅማል አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፉ ባክቴሪያዎች

ስሟ ራሱ የገበያዋን ቀን የሚናገረው የአርብ ገበያ ከተማ የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደዚህ ባለ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ገበያ ከደጋው የሚወርደው ጋቢና በርኖስ ለባሽ ገበሬ ከበሽሎ ሸለቆ አቅጣጫ ከሚወጣው የቆላ ከብት ነጂ ጋር በአንድ ሜዳ ይገናኛል። ሰው ከሰው፣ ከብትም ከከብት ሲገናኝ ግን ማንም ያልጠራቸው ሁለት ተጓዦች አብረው ይመጣሉ፤ አንዱ በከብቱ ብብትና ጡት ሥር የተጣበቀው መዥገር ሲሆን ሁለተኛው በልብስ ስፌት ውስጥ የተሸሸገው ቅማል ነው።

ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ የአገራችን ሰው በአብዛኛው ከሦስት ስሞች አንዱን ይዞ ይመለሳል፦ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ። በቤቱ ሳለም ሕመሙ ምች፣ ንዳድ ወይም ተስቦ ይባላል። እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም በእነዚህ ስሞች የተሸፈኑ ሌሎች ትኩሳቶች መኖራቸው የታወቀ ነው። የስም መሳሳት ደግሞ የሕክምና መሳሳትን ያስከትላል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው የቀጠፈው ትኩሳት በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ግን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ካላ አዛር የሚመጣው ከባክቴሪያ ሳይሆን ከጥገኛ ተውሳክ በመሆኑ የዚህ ጽሑፍ ርእስ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለርእሳችን መግቢያ ይሆነናል።

በዚህ ጽሑፍ በመዥገርና በቅርብ ባልንጀራው በቅማል አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፉ ሁለት የባክቴሪያ ወገኖችን፣ ማለትም ሪኬትሲያንና ቦረሊያን እንመለከታለን። የዓለም የሕክምና ጽሑፎች እንዲህ ያሉትን በሽታዎች «አዳዲስ ብቅ የሚሉ» ይሏቸዋል። እኛ የምናሳየው ግን ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከእኛ ጋር ለብዙ ዘመን የኖሩ ጎረቤቶቻችን መሆናቸውን፣ ዘግይቶ የመጣውም በሽታው ሳይሆን በሽታውን የሚያይ ዓይን መሆኑን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፍታ፣ ሙቀትና የተሸካሚዎቹ ድልድል

የፊዚክስ መምህራን ስለ መዥገር ምን አገባን ለሚል አንባቢ፣ ነገሩን ከአየር ሙቀት መጀመር ይበጃል። አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት በከባቢ አየር የታችኛው ክፍል ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 1,500 ሜትር የከፍታ ልዩነት ባላቸው ሁለት መንደሮች መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ከጉና ተራራ እስከ በሽሎ ሸለቆ በተዘረጋው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር እንዲህ ያለው ልዩነት የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው።

ይህ ልዩነት ከአዝመራው ዓይነት በተጨማሪ የሰውን አለባበስና በሰውና በከብቱ ላይ የሚኖረውን ነፍሳት ይወስናል። የልብስ ቅማል ሕይወቱን በሙሉ በሰው ገላና በልብሱ መካከል ባለው ለብ ያለ ስፍራ ያሳልፋል። በቀን ደጋግሞ ደም ይመጣል፤ ከሰው ከተለየ ደግሞ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ብርዱ ወፍራም ልብስ ሲያስደርብ፣ ክረምቱም ልብስ ማጠብንና ማድረቅን ሲያስቸግር ለቅማል ምቹ ይሆናል። በአገራችን በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት የደጋና የክረምት በሽታ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

መዥገር ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከእንስሳ ገላ ውጭ፣ በመሬትና በሣር ውስጥ ነው። እንቁላሉ በመሬት ላይ ይፈለፈላል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት የእድገት ደረጃዎች አንድ አንድ ጊዜ ደም መጥቶ ይወድቃል። ስለዚህ ሕይወቱ በአካባቢው ሙቀትና እርጥበት ላይ የተመሠረተ ነው። የቆላውና የወይና ደጋው የግጦሽ መሬት ለብዙ የመዥገር ዝርያዎች የተመቸ ነው።

ሁለቱ ዓለማት ግን የተለያዩ ሆነው አይቀሩም። ከእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። በዚያ በአንድ ዳስ ውስጥ ተጠጋግቶ፣ በአንድ ልብስ ሰንብቶ ይሠራል፤ ከዚያም ወደ ደጋው ይመለሳል። የደጋ ሰው የቆላን ትኩሳት፣ የቆላም ሰው የደጋን ቅማል ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው የት እንደሚኖር ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግድ ይላል።

መዥገር ደም ያለበትን እንዴት ያውቃል?

መዥገር ክንፍ የለውም፤ አይዘልም፤ ብዙዎቹ ዝርያዎችም ጥሩ ዓይን የላቸውም። የመዳሰሻ መሣሪያው በፊት እግሮቹ ጫፍ ላይ የሚገኘው የሃለር አካል ነው። በዚህ አካል አማካይነት እንስሳት የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የላብና የሽንት ሽታን እንዲሁም እርጥበትን ይለያል። በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ በአሜሪካ በሚገኙ ዝርያዎች ላይ ይኸው አካል ከሩቅ የሚመጣን የሙቀት ጨረር እንደሚቀበል አሳይቷል። የሰው ቆዳ ሙቀት 33 ዲግሪ ሴልሲየስ ወይም 306 ኬልቪን ገደማ ነው። በቪን ሕግ መሠረት ከእንዲህ ዓይነት አካል የሚወጣው ጨረር ከፍተኛ ጉልበት የሚኖረው በ9.5 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ነው። እኛ የማናየው ይህ ብርሃን ለመዥገሩ የደም ምልክት ሆነው ከሚያገለግሉት አንዱ ነው።

በ2023 ደግሞ በእንግሊዝ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ አስደናቂ ነገር አሳዩ። የእንስሳት ጠጉር ከሣርና ከቁጥቋጦ ጋር ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። በዚህ ሙል የሚፈጠረው መስክ አንድን የአውሮፓ የመዥገር ዝርያ በሚሊሜትርና በሴንቲሜትር የሚለካ የአየር ክፍተት አሻግሮ ወደ እንስሳው ይስበዋል። በትምህርት ቤት ማበጠሪያ በጠጉር አሽተን የወረቀት ቁርጥራጭ የምናነሣበት ኃይልና ይህ ኃይል አንድ ናቸው።

በአገራችን በስፋት ከሚገኙት መዥገሮች አንዱ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም ይባላል። ወንዱ በብርቱካንማ ቀለም በተዥጎረጎረው ጀርባው፣ በቀለበታማ እግሮቹም ይታወቃል። ይህ ዝርያ ሣር ላይ ወጥቶ ከመጠበቅ ይልቅ የትንፋሽ ምልክት ሲደርሰው ወደ እንስሳው በእግሩ የሚገሰግስ ነው። ለከብት አርቢው የሚታወቀው በሚያስከትለው ቁስልና በሚያስተላልፈው የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ ነው። ለሰው የሚያተርፈው ነገር ግን ረዘም ያለ ታሪክ አለው።

ስሙን 30 ዓመት የጠበቀ ባክቴሪያ

ሻርል ኒኮል በ1909 በቱኒስ ከተማ ታይፈስ በልብስ ቅማል እንደሚተላለፍ አሳዩ፤ ለዚህም በ1928 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የተባለው የታይፈስ ባክቴሪያ ኑሮው በሰውና በቅማል መካከል ብቻ ነው የሚል እምነት ጸና። በ1950ዎቹ ግን አዲስ አበባ በነበረው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ሬይስ-ጉትፍሮይንድ ይህንን እምነት የሚፈታተን ውጤት አሳተሙ። የታይፈስን ባክቴሪያ ከኢትዮጵያ የቤት እንስሳት ደምና በእንስሳቱ ላይ ከነበሩ መዥገሮች አገኘሁ የሚል ነበር። ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ታይፈስ በከብትና በመዥገር ውስጥ የሚደበቅ ከሆነ ቅማልን ከምድረ ገጽ ብናጠፋም እንኳ በሽታው አይጠፋም ማለት ነው።

ይህንን ለማጣራት በአሜሪካ የሞንታና ግዛት በሚገኘው የሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ቪሊ ቡርግዶርፈርና በካይሮ የነበሩት ታዋቂው የመዥገር ሊቅ ሃሪ ሁግስትራል ከባልደረቦቻቸው ጋር የኢትዮጵያን መዥገሮች መረመሩ። ውጤቱን በ1973 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ አወጡ። የታይፈሱን ባክቴሪያ አላገኙም። በምትኩ ያገኙት የዚያው ወገን የሆነ፣ ነገር ግን «ነጠብጣባማ ትኩሳት» ከሚባለው ቡድን የሚመደብ ሪኬትሲያ ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ በ1966 ከኢትዮጵያ ከብት ላይ ከተለቀመ አምብሊዮማ ቫሪዬጋተም የተገኘው፣ ኢ.ኤስ.ኤፍ-5 የሚል መለያ ተሰጥቶት ተቀመጠ።

የተፈለገው ነገር ስላልተገኘ የተገኘው ነገር ለብዙ ዓመታት ትኩረት አላገኘም። በ1992 ከዚምባብዌ ታማሚ ደም አንድ ሪኬትሲያ ተለየ፤ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ወጣለት። በሽታውም «የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት» ተባለ። ከ30 ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መዥገር የተገኘው ባክቴሪያም ይኸው ነበር። በ2009 የዝርያው ሙሉ የዘር መዝገብ ሲነበብ የተነበበው ያው ኢ.ኤስ.ኤፍ-5 ነው። በ2008 በታተመ ጥናት የዚህ ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ከኢትዮጵያ መዥገሮች ተገኘ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪ በርሲሳ ኩምሳና ባልደረቦቻቸውም በኦሮሚያ ከከብቶች በለቀሟቸው የአምብሊዮማ ዝርያዎች ላይ ይህንኑ አረጋገጡ፤ ከዚያም አልፈው ቀድሞ የማይታወቅ የቦረሊያ ዓይነት በመዥገሮቹ ውስጥ አገኙ።

ባክቴሪያው ለመኖር የታመመ ሰው አያስፈልገውም። እናቲቱ መዥገር በእንቁላሎቿ ውስጥ ለልጆቿ ታወርሰዋለች፤ ስለዚህ መዥገሩ ራሱ ጎተራም አከፋፋይም ነው። ሰው ሲነከስ ከሳምንት ገደማ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የጡንቻ ሕመም ይጀምረዋል። በተነከሰበት ስፍራ ጥቁር ቅርፊት ያለው ትንሽ ቁስል ይታያል፤ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ይሆናል። በአጠገቡ ያለው ንፍፊትም ያብጣል። በሽታው በአብዛኛው ሰው አይገድልም፤ ዶክሲሳይክሊን በተባለው መድኃኒትም በቶሎ ይድናል። በዓለም የሕክምና መጽሔቶች በብዛት የተመዘገበው ከአፍሪካ ጉብኝት በሚመለሱ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ላይ ነው። ይህ ማለት ግን መዥገሩ ጎብኚውን መርጦ ይነክሳል ማለት አይደለም። ጎብኚው ወደ አገሩ ሲመለስ የሚመረምረው ላቦራቶሪ አለው፤ እረኛው ግን የለውም።

የቡርግዶርፈር ስም ከዚህ በኋላ በሌላ ግኝት ገነነ። በ1975 ላይም በተባለች የአሜሪካ ከተማ በርካታ ልጆች በመገጣጠሚያ ሕመም ሲያዙ እንግዳ በሽታ የተከሠተ መሰለ። ቡርግዶርፈር በ1981 በመዥገር ሆድ ውስጥ መንስኤውን ቦረሊያ አገኙ፤ በስማቸውም ቦረሊያ ቡርግዶርፈሪ ተባለ። «አዲሱ» በሽታ ግን አዲስ አልነበረም። በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ተጠብቆ በተገኘውና 5,300 ዓመት ባስቆጠረው ሬሳ ውስጥ የዚሁ ባክቴሪያ ዲ.ኤን.ኤ. መገኘቱ በ2012 ተገለጸ።

ከመዥገር ወደ ቅማል የተሻገረው ቦረሊያ

ከሪኬትሲያ አፍሪኬ ይልቅ ለአገራችን ደጋ የከፋው የቦረሊያ ወገን ነው። አገርሺ ትኩሳት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ በጎጆ ወለልና በግድግዳ ስንጥቅ በሚኖር ለስላሳ ጀርባ ባለው መዥገር የሚተላለፈው ቦረሊያ ዱቶኒ ነው። ስሙ የተወሰደው በሽታውን ሲያጠኑ በ1905 በኮንጎ በዚሁ ሕመም ከሞቱት ከጆሴፍ ዱተን ነው። ሁለተኛው በልብስ ቅማል የሚተላለፈው ቦረሊያ ሪከረንቲስ ነው፤ የቅማል ድርሻ በ1907 በማኪ ጥናት ታወቀ። ዛሬ ይህ በሽታ ጸንቶ የሚገኘው በኢትዮጵያና በአካባቢዋ አገሮች ነው።

በላቦራቶሪ ለማሳደግ እጅግ አስቸጋሪ የነበረውን ቦረሊያ ሪከረንቲስ ሳሊ ካትለርና ዳንኤል ፈቃደን ጨምሮ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ታማሚዎች ወስደው ማሳደግ መቻላቸውን በ1994 አሳወቁ። ይህ በር ከፋች ሆነ። በ2008 የሁለቱ ቦረሊያዎች የዘር መዝገብ ሲነጻጸር፣ የቅማሉ ቦረሊያ ከመዥገሩ ቦረሊያ ገጾች ተቀድደው የቀሩት ቅጂ ሆኖ ተገኘ። የመዥገሩ መዝገብ 1.57 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ሲኖሩት የቅማሉ ወደ 1.24 ሚሊዮን ወርዷል። በ2025 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ በብሪታንያ ከ2,300 እስከ 600 ዓመት ዕድሜ ካላቸው አጽሞች የቅማሉን ቦረሊያ ዲ.ኤን.ኤ. አንብቦ፣ ከመዥገሩ ወገን የተለየው ከ6,000 እስከ 4,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደሆነ ገመተ። ይህ ዘመን ሰዎች ተሰባስበው በብዛት መስፈርና የሱፍ ልብስ መልበስ የጀመሩበት ነው። ባክቴሪያው ከሣርና ከጎጆ ወለል ወደ ልብሳችን የገባው እኛ ልብስ ስንደርብ ነው ማለት ይቻላል።

በሪኬትሲያም ወገን ተመሳሳይ ነገር ይታያል። የመዥገሩ ሪኬትሲያ አፍሪኬ 1.28 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ሲኖሩት፣ በቅማል የሚተላለፈው ገዳዩ የታይፈስ ባክቴሪያ 1.11 ሚሊዮን ብቻ አለው። ሁለቱ ዘመዳሞች እንጂ አንዱ ከሌላው የተወለዱ አይደሉም፤ ሆኖም የቅማሉ ዝርያ በሁለቱም ወገን ያነሰ መዝገብና የበረታ ገዳይነት ይዞ መገኘቱ ባክቴሪያ የሚከፋው አዲስ መሣሪያ ሲጨምር ብቻ ነው የሚለውን ግምት ያናውጣል።

በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት ሕክምና ካላገኘ ከ100 ታማሚዎች ከ10 እስከ 40 የሚደርሱትን ሊገድል ይችላል፤ በሕክምና ግን ሞቱ ወደ 2 እስከ 5 ይወርዳል። ሰው ሲጨናነቅና ልብስ መቀየር ሲያቅተው ይነሣል። በ1991 የደርግ ሠራዊት ሲፈርስ በመጠለያ በተሰባሰቡት ወታደሮች መካከል ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው በሊቢያ በኩል አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ ሲታይ፣ በሽታውን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን የአውሮፓ ሐኪሞች አስገረመ። በ2016 ደግሞ በአርሲ ዞን በከተማ ነዋሪዎች መካከል ተቀስቅሷል።

ትኩሳቱ ለምን ያገረሻል?

ታማሚው ለ5 ወይም ለ6 ቀናት በከባድ ትኩሳት ይሠቃይና ድንገት ያልበዋል፤ ትኩሳቱም ይለቀዋል። ዳንሁ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ግን ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን የሚያውቀው በላዩ በለበሰው ፕሮቲን ነው። ፀረ እንግዳ አካላት ተሠርተው ያንን ልብስ የለበሰውን ሲያጠፉ፣ ልብሱን የቀየሩ ጥቂቶች ሳይታወቁ ይተርፋሉ። ከዚያ እንደገና ይባዛሉ።

ጥቂቶች ብለን የምንንቃቸው እንዳልሆኑ ስሌቱ ያሳያል። ለምሳሌ አንድ ባክቴሪያ በየ8 ሰዓቱ ለሁለት ቢከፈል በቀን 3 ጊዜ፣ በ7 ቀናት 21 ጊዜ ይከፈላል። 2 በ21 ሲነሣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። የተረፉት 100 ቢሆኑ በሳምንቱ ከ200 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ትኩሳቱ በበረታ ጊዜ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከ100,000 በላይ ባክቴሪያ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ዓይነት እድገት ነው።

ቅማሉም በዚህ ጊዜ የፊዚክስ ሕግ ይከተላል። ለብ ያለ ገላ ይወድዳል፤ የሚያተኩስ ገላ ግን ስለማይመቸው ታማሚውን ትቶ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ባክቴሪያው በቅማሉ ንክሻ አይተላለፍም። በአብዛኛው የሚገባው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ከሰውነቱ የሚወጣው ፈሳሽ በእከክ የተላጠ ቆዳን ሲነካ ነው። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር ወይም በጥርስ መግደል ራስን መበከል ነው።

አንዱ ይታያል፣ ሌላው አይታይም

ኤርንስት አቤ በ1873 እንዳሳዩት በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን ዝርዝር መለየት አይችልም። የሞገድ ርዝመቱ 0.55 ማይክሮሜትር የሆነ ብርሃንና በዘይት የሚሠራ ጥሩ ሌንስ ብንጠቀም ወሰኑ 0.22 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የቦረሊያ ውፍረት ከዚህ ወሰን ብዙም ባይርቅም ርዝመቱ ከ8 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ከቀይ የደም ሴል ይረዝማል። ስለዚህ ለወባ ተብሎ በጊምሳ ቀለም በተነከረው በዚያው የደም ናሙና ላይ እንደ ተጠማዘዘ ክር ሆኖ ይታያል። አዲስ መሣሪያም ሆነ አዲስ ቀለም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የወባን ተውሳክ አጥቶ ናሙናውን ከመጣሉ በፊት ክሩን የሚፈልግ ባለሙያ ነው። ናሙናው መወሰድ ያለበትም ትኩሳቱ ሳለ ነው፤ ትኩሳቱ በለቀቀ ጊዜ ባክቴሪያው ከደም ይሰወራል።

ሪኬትሲያ ግን ሌላ ነው። ከአቤ ወሰን በላይ ቢሆንም የሚኖረው በደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ስለሆነ ከደም ናሙና አይገኝም። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ሲሠራበት የኖረው የዌይል-ፌሊክስ ምርመራ በ1916 የተገኘ ነው። ምርመራው የሚያየው ሪኬትሲያን ሳይሆን የታማሚው ደም ፕሮቲየስ ከተባለ ሌላ ባክቴሪያ ጋር ያለውን ምላሽ በመሆኑ የታመመውን ሊስት፣ ያልታመመውንም ታሟል ሊል ይችላል። አስተማማኙ መንገድ በ1983 የተፈለሰፈው ፒ.ሲ.አር. ነው። ናሙናውን እየደጋገመ በማሞቅና በማቀዝቀዝ የባክቴሪያውን ዲ.ኤን.ኤ. በየዙሩ ያጥፋል፤ በ30 ዙር አንዱ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ይህ መሣሪያ በሌለበት ግን አንድ የማይከፈልበት ምርመራ አለ፤ የታማሚውን ብብት፣ ብሽሽትና የጉልበት ሥር ገልጦ ጥቁሩን ቅርፊት መፈለግ ነው።

ምን ማድረግ እንችላለን?

በገላ ላይ የተጣበቀ መዥገር ሲገኝ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ፣ ከአፉ በኩል ይዞ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ በዝግታ መሳብ ይገባል። በእሳት መለብለብ፣ ላምባ ወይም ቅቤ መቀባት፣ ሆዱንም መጭመቅ ጎጂ ነው፤ የሆድ ዕቃውን ወደ ቁስሉ ሊያስተፋው ይችላል። ከብት ላይ የተነቀለ መዥገርንም በጣት ማፍረጥ አይገባም። ቅማል ያለበት ልብስ ከ60 ዲግሪ ሴልሲየስ ባላነሰ ሙቅ ውኃ ቢታጠብ ቅማሉም እንቁላሉም ይሞታሉ።

አገርሺ ትኩሳት በፔኒሲሊን ወይም በቴትራሳይክሊን አንድ ጊዜ በሚሰጥ መድኃኒት ይድናል። ነገር ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ባክቴሪያዎቹ በብዛት ሲሞቱ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ የባሰ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ይከተላል። ይህ ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የተባለ ምላሽ ሊገድል ይችላል። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ አካሂደው በ1996 ባሳተሙት ጥናት የምላሹን አንድ ቀስቃሽ ለይተው የሚገታ ፀረ አካል ሰጡ፤ ፀረ አካሉ ከተሰጣቸው 20 ታማሚዎች 10ሩ፣ ካልተሰጣቸው 29 ታማሚዎች ደግሞ 26ቱ ምላሹ ታየባቸው። ይህ ውድ መድኃኒት በገጠር ጤና ጣቢያ ባይገኝም ትምህርቱ ለሁሉም ይሠራል። መርፌውን የተወጋ ታማሚ ያን ዕለት ተራራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሊሄድ አይገባም፤ በጤና ጣቢያው ተኝቶ፣ ፈሳሽ እየተሰጠው ሊጠበቅ ይገባል። ዘመዶቹም ከመርፌው በኋላ የባሰበትን ሰው አይተው መድኃኒቱ ገደለው ብለው እንዳይሸሹ አስቀድሞ ሊነገራቸው ያስፈልጋል።

ለተማሪ አንባብያን ደግሞ የምንለው አለን። መዥገር መልቀም፣ የተለቀመበትን ቀን፣ ከፍታና የከብቱን ዓይነት መመዝገብ፣ በአልኮል በታሸገ ብልቃጥም ማስቀመጥ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጓንትና ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። ከደጋ እስከ ቆላ በተዘረጉ ወረዳዎች በየ200 ሜትር ከፍታ እንዲህ ያለ ስብስብ ቢሠራ የባዮሎጂ ተማሪው ዝርያውን፣ የፊዚክስ ተማሪው ሙቀቱንና እርጥበቱን፣ የሒሳብ ተማሪው ሥርጭቱን ሊያጠኑበት ይችላሉ። በ1966 ከከብት ላይ ተለቅሞ በጥንቃቄ የተመዘገበ አንድ መዥገር ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ የሙሉ ዘር መዝገብ ምንጭ መሆኑን አይተናል። በጥንቃቄ የተመዘገበ ናሙና የሚያነበው ሰው እስኪመጣ ይቆያል፤ ያልተመዘገበ ግን የለም።

ጤና ጣቢያ ለምትመደቡ የነገ ባለሙያዎችም ትኩሳት የያዘው ሰው ፊታችሁ ሲቀርብ ከመድኃኒቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከየት መጣህ? ከማን ጋር ተኛህ? ከየትኛው ከብት ጋር ዋልክ? የጥያቄዎቹ መልስ ናሙናውን በምን ዓይን ማየት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።